ክርስትና አባቱ የመለሱለት ቃል

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ኩንታል ጤፍ ብቻውን ከመኪና የሚያወርድ፣ አንገቱና ትከሻው ድንበር የሌላቸው ሰው። ቅዳሴ አያስታጉልም። የሚቆመው ግን በሩ አጠገብ ነው፤ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሲል ቀድሞ ለመውጣት።

አንድ እሑድ ግን አልቀናውም። መምሬ ላቀው ደጁ ላይ ያዙት።

«ደምሴ እግሩ ከከዳው ወዲህ ጠበል የሚያደርሰው አጣ። ቁልቁለቱን አዝለህ ብታወርድልን?»

ነጋዴው የመምሬን ጥምጣም ቀና ብሎ አየ። «አባቴ፣ እኔ ምን ክህነት አለኝ? የተካነ ይሂድ እንጂ። እኔ ለማንም ቃል አልገባሁም።»

«እኔማ ወርጄ አጠምቀዋለሁ፤ እጅ የተጫነብኝ ለዚያ ነው። ለማዘል ግን ወገቤን ታውቀዋለህ።»

«ሌላ ሰው አይጠፋም።»

ይህን ጊዜ ከዛፉ ሥር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። የነጋዴው ክርስትና አባት ጋሽ ወንድአፍራሽ ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ደምሴን ላዝል።»

«እርስዎን ራስዎን የሚያዝል ያስፈልግ የለም እንዴ!»

«ምን ላድርግ? በአርባ ቀንህ አቅፌህ፣ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን እክዳለሁ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ በክርስቶስ አምናለሁ ያልኩልህ እኔ ነኝ። አንተማ ታለቅስ ነበር። ቃሉ አንተን ካልያዘህ እኔን ይይዘኛል።»

የሚቀልዱ መስሎት ቆመ። አልቀለዱም፤ መንገድ ጀመሩ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ከዘራቸው ድንጋይ ስቶ ሲንገዳገዱ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ። ያኔ ያቀፈው ክንድ ዛሬ ከሸንበቆ አይከብድም።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የደምሴ ቤት የት ነው?»

«ከሱቅህ ጀርባ።»

ሄዶ አዘለው። ደምሴ መንገዱን ሙሉ በጆሮው «ቀስ በል፤ ጤፍ አይደለሁም» ይለው ነበር።

ወገኖቼ፣ የመምሬን ሥራ ነጋዴው አይሠራም። ሳይካን ማን ይቀድሳል? ነገር ግን በሽተኛው ጠበሉ ዘንድ ካልደረሰ መምሬ ማንን ያጠምቃሉ? ውኃውን ብቻ?

እናንተስ? ስትጠመቁ በሜሮን የተቀባው ግንባራችሁ ብቻ ነው? ጉልበታችሁም ተቀብቷል፤ ክርናችሁም ተቀብቷል። ጉልበት የሚቀባው ለምን ይመስላችኋል? እንዲያምር?

«እኔ አልተሾምኩም» አትበሉ። ሹመቱንስ ተቀብላችኋል፤ እያለቀሳችሁ ስለነበር አልሰማችሁም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ክርስትና አባታችሁ፣ ክርስትና እናታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ «ያን ቀን ምን አላችሁልኝ?» በሏቸው።

የሞቱባችሁስ? እንግዲህ የሚመልስላችሁ የለም። ራሳችሁ መልሱ።