ተልባ የጠጣው ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ አልወጣ ብሎ መስከረም በጭቃ በገባበት ዓመት፣ አቶ ይመኑ የሚባሉ ሰው ለቤታቸው ግድግዳ ነጭ አፈር ሊቆፍሩ ከገደሉ ሥር ወዳለች ዋሻ ገቡ። ወዲያው አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከላይ ተንሸራቶ መጣና የዋሻዋን አፍ ዘጋው። ክንድ የማታሾልክ ስንጥቅ ብቻ ቀረች፤ በእሷም የዝናቡ ጎርፍ ይገባ ጀመር።

ሦስት ልጆቻቸው ከነጎረቤቱ ደረሱ። አቶ ይመኑ ከውስጥ ሆነው ይሰማሉ እንጂ አያዩም። ውሃው ጉልበታቸውን ሲያልፍ ፈሩ፤ ፍርሃት ደግሞ አፍ ያስከፍታል።

«ከዚህ ላወጣኝ ልጅ የምንጭ ዳሯን ማሳ ሰጥቻለሁ። ምያለሁ» አሉ። ቤቱን ሁሉ የምታበላው ያቺ ማሳ ናት።

ከድንጋዩ ቁልቁል ግን የጎረቤታቸው የደብሬ ጎጆ አለች። ደብሬ ከወለደች ሳምንቷ ነው። ድንጋዩ ይመጣብሻልና ውጪ ብትባል፣ አማቷ ልጁ ክርስትና ሳይነሣ አራስ ደጅ አትወጣም ብለው በሩን ዘጉ። ለመከራ ጊዜም ወግ አይጓደል!

ታላቁ ልጅ ማንደፍሮ ድንጋዩን በቆዳ ጠፍር አሳስሮ ቢያስጎትት ንቅንቅ አላለም። «የተቀመጠ ነገር መሬቱን ይነክሳል፤ ጥርሱን እናስለቅቀው» አለና ተልባ አስወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ እንዲያሙለጨልጭ ከሥሩ አፈሰሰ። በሚቀጥለው ጉተታ ድንጋዩ አቃሰተና ተነሣ። አቶ ይመኑ ውሃ ደረታቸው ላይ ደርሶ ሳለ ብርሃን አዩ።

ስንዝር ያህል እንደሄደ ጎታቾቹ ትንፋሽ እንሰብስብ አሉ። መካከለኛው ስንሻው ግን ጠፍሩን በትከሻው አዞረ። «አሁን በግማሽ ጉልበት ይሄዳል። ከቆመ መልሶ ይነክሳል፤ አባቴም ያልቃል» አለ። መዳፉ ተገሽልጦ ደም እያዘራ ጎተተ። አባቱ በክርናቸው እየተሳቡ ወጡ።

ትንሿ እንጉዳይ ጠፍሩን አልነካችም። ከመጀመሪያው አንስታ ከደብሬ ጎጆ በላይ ሻካራ ጠጠር ስትከምር ነበር። ማንደፍሮ፣ አባትሽ እየሰጠመ ጠጠር ትለቅሚያለሽ ወይ ብሎ ሰድቧታል። እሷ ግን «መነሣቱን አሰባችሁ፤ መቆሙንስ?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። የእሷ ክንድ ቢጨመር ኖሮ አባቷ ውሃው ደረታቸው እስኪደርስ ባልጠበቁ ነበር፤ ይህም እውነት ነው።

ጠፍሩ ሲለቀቅ ድንጋዩ ጎታች አላስፈለገውም። ብቻውን ቁልቁል ሄደ። ጠጠሩ ላይ ሲደርስ አንገጫገጨ፣ ዘገየ፣ ከጎጆዋ ግድግዳ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ።

ማንደፍሮ፣ እኔ ባላስነሣው አባቴ አይወጣም ነበር አለ። ስንሻው የተላጠ መዳፉን አሳየ። እንጉዳይ ለራሷ ምንም አልጠየቀችም። አቶ ይመኑ ግን ከድንጋዩ እስከ ጎጆዋ ያለውን በዓይናቸው ለኩ፤ በአራስና በሕፃን ነፍስ የተገዛ ዕድሜ ሊኖሩ አንድ ክንድ ቀርቷቸው ነበር። መሐላቸው ደግሞ «ላወጣኝ» ነው የሚለው።

ዝናቡ አላባራም፤ መልሶ እንዳይንሸራተት ተፈርቶ ድንጋዩንም የሚነካ አልተገኘም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ማሳዋ ለማን ትገባለች?