«መርከቧ ደርሳለች» ያለው ቃል አቀባይ

አንድ ጠበቃ ነበር። የሚኖረው በፊሊፒንስ ከሚገኙት ደሴቶች በአንዷ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚበዙባት ትንሽ የወደብ ከተማ ነው። ስሙ ክሪሳንቶ ይባላል፤ ሆኖም በዚያ አገር ጠበቃን በስሙ መጥራት ድፍረት ስለሚመስል ከትልቅ እስከ ትንሽ «አቶርኒ» ይለው ነበር፤ ጠበቃው ማለታቸው ነው። ቢሮው ከገበያው ጀርባ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ወደዚያች ክፍል የሚወጡት መረባቸው የተወረሰባቸው አጥማጆች፣ ከይዞታቸው የተነቀሉ ገበሬዎች፣ በሐሰት የተወነጀሉ ቸርቻሪዎች ነበሩ። ምስጋናቸውን የሚገልጹት በደረቀ ዓሣ ስለነበር ቢሮው ክረምት ከበጋ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

ክሪሳንቶ ጥሩ ጠበቃ ነበር። ነገር ግን አንዱን ሰው ነፃ ሲያስወጣ ሌሎች አሥር በዚያው ደንብ ሲታሰሩ እያየ ታከተው። ደንቡ የሚወጣበት ቦታ ብሆን ይሻላል ብሎ ለአውራጃው ምክር ቤት ተወዳደረ፤ ሕዝቡም መረጠው። ምክር ቤት ገብቶ ሦስት ዓመት ከአገረ ገዥው ጋር ተከራከረ። አገረ ገዥው በንግግር ችለውት አያውቁም። በመጨረሻ አንድ ቀን አስጠሩትና «ሕዝቡ እኔ ስናገር ያዛጋል፤ አንተ ስትናገር ጸጥ ይላል። ቃል አቀባይ ሁነኝ» አሉት።

ሳምንት ሙሉ አሰበበት። ከሥልጣን አጠገብ ብቀመጥ ያቺን ከተማ እጠቅማለሁ የሚለው ሐሳብ አመዘነበትና እሺ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ጸጥ ይልልሃል መባሉም ደስ ብሎት ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ድልድይ ተጠናቀቀ ተብሎ መግለጫ ሲሰጠው፣ ድልድዩ ድረስ ሄዶ በእግሩ ይሻገርበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለመሐንዲሱ ስልክ ደውሎ ያጣራል። በሦስተኛው ዓመት የመጣለትን ወረቀት ያነባል። ማንም አልወቀሰውም። እንዲያውም መግለጫዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ለጆሮ የሚጥሙ ሆነው ነበር።

በአራተኛው ዓመት አንድ አውሎ ነፋስ መጣ። ከመምጣቱ ጥቂት ሰዓታት በፊት ስልሳ ሁለት ሰዎች የጫነች የመንገደኞች መርከብ ከጎረቤት ደሴት ተነሥታ ነበር። ነፋሱ ሲነጋጋ አለፈ፤ መርከቧ ግን አልደረሰችም። ስልክ ተቋርጧል፣ ዛፎች ወድቀዋል፣ ጣሪያ የቀረለት ቤት ጥቂት ነው። ሆኖም የከተማው ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ወደቡ ወረደ። አጥማጆቹ ከማዕበሉ በተረፉት ዘጠኝ ጀልባዎች ላይ ነዳጅ እየጫኑ ለፍለጋ ይዘጋጁ ጀመር።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ የተሠራውን የወደብ ሕንፃ ለመመረቅ ከዋና ከተማው አንድ ሚኒስትር ይጠበቁ ነበር። አገረ ገዥው ክሪሳንቶን በጠዋት አስጠሩት። ሚኒስትሩ ሲደርሱ የሚያለቅስ ሕዝብ እንዲያዩ እንደማይፈልጉ ነገሩት። መርከቧ ወደ ሰሜኑ ወሽመጥ ገብታለች የሚል ወሬ እንደሰሙም ጨመሩለት። «ደርሳለች በል፤ እስከ ማታ መድረሷ አይቀርም» አሉ።

ክሪሳንቶ ወሬውን ያመጣው ማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ቆሞ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። መርከቧ በሰላም ሰሜኑ ወሽመጥ እንደደረሰች፣ ስልሳ ሁለቱም ደኅና እንደሆኑ ተናገረ። ለምን እስካሁን አልመጡም የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ ስለገባው፣ መንገዱን ጎርፍ ስለቆረጠው ነገ ይመጣሉ ሲል አከለበት። ይህን ማንም አልነገረውም። አፉ ለምዶ ነው የወጣው፤ ንግግሩንም እንዲታመን ያደረገው ይኸው ጭማሪ ነበር።

ሕዝቡ ተቃቀፈ። አንዳንዶች ተንበርክከው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ፤ አንድ ሽማግሌ እጁን ስቦ ሳመው። አጥማጆቹም የጫኑትን ነዳጅ አውርደው የፈረሰ ቤታቸውን ሊጠግኑ ሄዱ። ወደቡ ጭር አለ።

ክሪሳንቶ የምረቃውን ዝግጅት ሲያይ አርፍዶ፣ አምስት ሰዓት ገደማ ከገበያው ጀርባ ወዳለችው ቢሮው ሲመለስ፣ ገና ደረጃውን ሳይወጣ አንዲት ሴት ከኋላው ጠራችው። ዞር ሲል ናናይ ኢሲድራ ናቸው። ናናይ በደሴቲቱ ሰዎች አነጋገር እናቴ ማለት ነው፤ እኒህን ዓሣ ቸርቻሪ ከተማው ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል። አንዲት ልጃቸው ማርሴላ መርከቧ ላይ ነበረች። ናናይ ኢሲድራ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ጥቅል ይዘዋል።

«አቶርኒ፣ ልጄ መቼም በስብሳለች» አሉት። «ደረቅ ቀሚስና ሹራብ ነው። ወደ ሰሜኑ ወሽመጥ የሚሄድ የመንግሥት መኪና ካለ ይላኩልኝ። እኔ በእግሬ ልሄድ ነበር፤ ጎርፉ መንገዱን የቆረጠው የቱ ጋ ነው?»

ክሪሳንቶ ጥቅሉን ለመቀበል እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።  ናናይ ኢሲድራ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። የገበያ ሴት ናቸውና የሰው ፊት ማንበብ ያውቁበታል።

«ያኔ መረብ ሰረቀች ብለው ሲከሱኝ» አሉ በዝግታ፣ «እርስዎ ምስክሩን በዓይንህ አይተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ከጎረቤት ሰምቼ ነው አለ፤ እኔም ቤቴ ገባሁ። አሁን እኔ ልጠይቅዎት። መርከቧ ስትገባ ያየ ሰው አለ?»

 አገረ ገዥው ትዝ አሉት፣ ሚኒስትሩ ትዝ አሉት፣ እጁን የሳመው ሽማግሌ ትዝ አለው። ከዚያ ለራሱም ባዳ በሆነ በቀጭን ድምፅ «የለም፣ ናናይ። የት እንዳለች አላውቅም» አለ።

አልጮሁበትም። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና «ታዲያ ጀልባዎቹን ለምን መለሷቸው?» ብለው ጠየቁት።

ክሪሳንቶ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ወደ ወደቡ ሮጠ። ወደ አገረ ገዥው አልሄደም፤ ቢሄድ ሐሳቡን እንደሚያስለውጡት ያውቃል። የከተማውን ሰው ጠራ። ሰዎቹ መዶሻና ምስማር እንደያዙ ከየቤታቸው ወጡ።

«ዛሬ ጠዋት መርከቧ ደርሳለች ብያችኋለሁ» አለ። «ያየ ሰው የለም። ስለ መንገዱ ያልኩትም ከራሴ የፈጠርኩት ነው። የት እንዳለች አላውቅም። ያባከንኩባችሁ ሦስት ሰዓት ነው፤ እባካችሁ አሁን ውጡና ፈልጓት።»

 ከዚያ አንድ ሰው ደረቱን በጡጫ መታው፤ ሌላው የሸሚዙን ኮሌታ ያዘ። እሱም አልተከላከለም። ያዳነው የአጥማጆቹ አለቃ ነው። አለቃው በመካከላቸው ገብቶ፣ ሊደበድቡት ከፈለጉ ማታም እንደሚደርሱበት፣ ቀኑ ግን እየሄደ መሆኑን ነገራቸው። ሰዎቹ ለቀቁትና ወደ ነዳጁ ዞሩ። የሚገርመው፣ ክሪሳንቶ ደረቱ እያመመው አየር ሲስብ፣ ትንፋሹ እስከ ታች ድረስ እንደገባለት ተሰማው። እንዲያ ከተነፈሰ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አላስታወሰም።

አብሮ ለመሄድ ለመነ። አለቃው ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ «ለጀልባ ሥራ አትሆንም። ዓይን ግን አለህ፤ ፊት ላይ ተቀመጥና እይ» አለው።

ዘጠኙ ጀልባዎች ተበታትነው ወጡ። ክሪሳንቶ አራት ሰዓት ሙሉ ውኃ ውኃውን አየ። ተንሳፋፊ ግንድ ሰው ይመስለዋል፤ የወፍ ክንፍ ሸራ ይመስለዋል። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ጠቆመ፤ ከዚያ በኋላ ሳያረጋግጥ እጁን አላነሣም። በመጨረሻ ቀድሞ ያየው እሱ አልነበረም፤ እሱ ወደ ምሥራቅ ሲያይ አለቃው በምዕራብ በኩል ሰው ከማይኖርባት አለታማ ደሴት ጀርባ የሚውለበለብ ነጭ ሸሚዝ አየ።

መርከቧ እዚያ ነበረች። ሞተሯ ውኃ ገብቶት ሞቷል፤ በአንድ መልህቅ ብቻ ተንጠልጥላ ወደ አለቱ ትወዛወዛለች። የመልህቁ ገመድ ድንጋይ ሲፈትገው ውሎ ተበጣጥሶ ሁለት ሦስት ክር ቀርቶታል። መንገደኞቹ ከጠዋት ጀምሮ የሚጠጡት ውኃ አልነበራቸውም። ግን በሕይወት ነበሩ። ሌሎቹ ጀልባዎች በፉጨት ተጠርተው ሲሰበሰቡ ክሪሳንቶ ከመርከቧ የሚወርዱትን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ስልሳ ሁለት ሆኑ። አላመነምና እንደገና ቆጠረ። ማርሴላ አርባ ሰባተኛዋ ነበረች፤ ክንዷ በመሐረብ ታስሯል፣ ትስቃለች። ክሪሳንቶ ከጀልባው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ፤ ሲያለቅስ ማንም ዝም በል አላለውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደቡ ገቡ። ሚኒስትሩም መጥተው ነበር፤ ሪባኑን ትተው ከሕዝቡ ጋር መንገደኞቹን ሲያወርዱ አመሹ። ሊደበድበው የዛተ አንድም ሰው አልመጣም።

በማግስቱ አገረ ገዥው ፊት ቀረበ። ተቆጥተው ነበር። «ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ያልኩህም ይህንኑ ነው። እስከ ማታ ዝም ብትል ኖሮ ቃልህ እውነት ይሆን ነበር። ራስህንም እኔንም ለምን አዋረድክ?» አሉት።

ክሪሳንቶም «ጌታዬ፣ እስከ ማታ ዝም ብል ኖሮ ገመዱ ዝም አይልም ነበር። ጀልባዎቹ የወጡት አላውቅም ስላልኩ ነው» አለ።

አገረ ገዥው የስንብት ደብዳቤውን ሰጡት። ክሪሳንቶ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቤቱ ገባ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተኛ፤ እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ማንም አልቀሰቀሰውም።

ከዚያ በኋላ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። ሁሉም ወዲያው ይቅር አላሉትም። ናናይ ኢሲድራ ሁለት ወር ሙሉ መንገድ ላይ ሲያገኙት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። በሦስተኛው ወር የወንድማቸውን ልጅ ክስ ይዘው ደረጃውን ወጡና ከፊቱ ቁጭ አሉ። «ከሌላ ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ነበር» አሉት። «በእርግጠኝነት እናሸንፋለን አለኝ፤ ፋይሉን ሳይከፍት።» ክሪሳንቶ ፋይሉን ተቀብሎ እስኪያነበው ድረስ ምንም አላላቸውም።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። የተናገርነው ነገር በኋላ በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ፣ ስንናገር ሳናውቅ አውቃለሁ ማለታችንን አያነጻውም። ሰዎች የእኛን ቃል አምነው ከጀመሩት ፍለጋ ይመለሳሉ፣ ከሐኪም ይቀራሉ፣ ዘመዳቸውን ሳይጠይቁ ይውላሉ። «አላውቅም» ማለት የሚያሳፍር ይመስለናል፤ አንዴ ካልነው ግን ደረታችን ይከፈታል፤ የሚያውቅ ሰው ፍለጋም ያኔ ይጀመራል። የተሳሳተ ቃል የተናገረ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቃሉን ቶሎ ማረም ነው፤ ክብሩ ቆይቶ ይመለሳል።

እስቲ እርስዎም ራስዎን ይጠይቁ፤ በዚህ ሳምንት በእርግጠኝነት ከተናገሩት ውስጥ ሳያረጋግጡ ያሉት የቱ ነው? እሱን ሰምቶ ቁጭ ያለ ሰው ካለ፣ ዛሬውኑ ሄደው ቢነግሩት አይሻልም?