ማዞሪያውን በኮላ የለጠፈው አናጢ

ወገኖቼ፣ አንድ አናጢ ነበር፣ የሶዶ ሰው። ጎበዝ! እሱ የሠራው በር አይጣመምም ይባልለታል።

ይህ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን መጋዙን ያስቀምጣል። ደንበኛ ቢመጣም አያናግርም። ሬዲዮውን ይከፍታል። ለምን? በሰፈራው ጊዜ ታናሽ እህቱን ከአክስታቸው ጋር መኪና ላይ ጭነው ወደ መተከል ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ አላያትም። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ደግሞ የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልግ ፕሮግራም አለ።

ልብ በሉ፣ ሰውየው አዲስ ነገር የሚፈራ አልነበረም። ልጅ ሳለ አደባባይ ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ነው ዜና የሰማው። ቀጥሎ የአባቱ ሬዲዮ መጣ፣ ያ ሁለት ሰው የሚሸከመው። በኋላ እሱ ራሱ በብብት የሚያዝ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ገዛ። ሬዲዮ ሲለወጥ አብሮ ተለውጧል!

አንድ ቅዳሜ ግን ልጆቹ ማዞሪያውን ነካክተው ጣቢያው ጠፋበት። ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ፕሮግራሙ አለቀ። "ስሜ ተጠርቶ ቢሆንስ?" እያለ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ አለው። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የእንጨት ኮላውን አመጣና ማዞሪያውን ጥርቅም አድርጎ ለጠፈው! "ከእንግዲህ ማንም አያንቀሳቅሰውም" አለ።

ዓመታት አለፉ። ጣቢያው አንድ ወር ሙሉ ተናገረ፦ "ውድ አድማጮቻችን፣ ከአጭር ሞገድ ወጥተን ወደ ኤፍ ኤም ልንዛወር ነው። በስልካችሁም ታገኙናላችሁ።" ሰማ። በጆሮው ሰማ! "እሱ ለልጆች ነው" ብሎ ተወው።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ሺሺሺ ብቻ ሆነ። ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሰጣው። አዲስ ገዛ። ሺሺሺ! ሚስቱ ብርቄ "ኧረ በፈጠረህ! ሰዎቹ ሄደዋል እኮ፣ ኮላውን አንሳው" ስትለው፣ "የት ይሄዳሉ? ሃያ ዓመት እዚሁ ነበሩ" ይላታል። ሦስት ዓመት፣ ወገኖቼ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሺሺታ አዳመጠ።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ደንበኛ ያዘዘችውን አግዳሚ ወንበር ልትወስድ መጣች። በእጇ የያዘችው ስልክ ያወራል። "እባክሽ ዝም አሰኚው፣ ሬዲዮ እየሰማሁ ነው" ሊላት አፉን ሲከፍት፣ ከስልኩ ውስጥ እንዲህ የሚል ድምፅ ወጣ፦ "ዳና ቶማን የምታውቁ፣ እህቱ ጻድቄ ቶማ ከፓዌ ትፈልገዋለች።"

ሴትዮዋ ክው አለች። "ጋሼ ዳና፣ እርስዎን አይደለም እንዴ የሚለው?"

ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ። ግን እዚያው አልቀረም! ተነሣና በመሮ ኮላውን ፈልፍሎ ጣለው። በማግሥቱ ተሳፈረ።

አገኛት። በሕይወት አገኛት! ዓይኗ ግን ጠፍቷል። በሁለት እጇ ፊቱን ዳበሰችና "ወንድምዓለም፣ ሁለት ዓመት በየወሩ አስጠራሁህ እኮ" አለችው። "ያኔ ትንሽ ትንሽ አይ ነበር።"

"ሬዲዮዬ እኮ ክፍት ነበር" አላት።

ክፍት ነበር! ሰማችሁ? እናንተም ክፍት ናችሁ። እሑድ አትቀሩም፣ ጸሎት አትረሱም። ግን ጌታ የዛሬ ሃያ ዓመት በተናገራችሁ ቦታ ላይ ኮላ አፍስሳችሁ፣ "ዛሬስ ለምን ዝም አለኝ?" ትላላችሁ። ዝም አላለም! አንተ አባት፣ ልጅህ "አባዬ፣ ጨንቆኛል" ብሎ በስልክ ጽፎልሃል። አንተ "ሰው ከሆነ ቤት መጥቶ ይንገረኝ" ብለህ ተቀምጠሃል።

አትሳቁ። እኔም አለሁበት። አንዲት የመዘምራን ልጅ በድምፅ መልእክት "ጸልይልኝ" ስትለኝ፣ "በስልክ ደግሞ ምን ጸሎት አለ!" ብዬ ሳልሰማው ቀረሁ። የከፈትኩት እናቷን ከቀበርን በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ ዛሬ ቆርጠን እንነሣ። ኮላችሁ የት ጋ እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቤት ስትገቡ መሮ አንሡ። ዛሬ! ለሚመጣው ቅዳሜ አትበሉ። የሚጠራችሁ ሰው ዓይን አሁንም ትንሽ ትንሽ ያያል።