የተጣሉት ማግኔቶችና እምቢ ያለችው ሄራን

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የኔ ተረት ላም የለውም፣ ጊታር ነው ያለው። የጊታሩ ባለቤት ትብለጥ ትባላለች፣ የደሴ ልጅ ናት። የኤሌክትሪክ ጊታሯ ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚለቅሙ ሁለት ማግኔቶች አሉት። የፊተኛው ድምፅ ወፍራም፣ የኋለኛው ቀጭን ነው። ትብለጥ የምትፈልገው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲዘፍኑላት።

የምትመታለት ባንድ አለቃ አቶ ደርበው «ዛሬ አሥር ሰዓት መጥቼ እሰማሻለሁ። ድምፁ እንዲህ እንደሳሳ ከቆየኝ በቅዳሜው ሰርግ ጊታሩን ሌላ ሰው ይመታዋል» ብለዋታል።

ለየብቻ ሲከፈቱ ሁለቱም ማግኔቶች ወርቅ ናቸው። አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ድምፁ ተበላልቶ የትንኝ ይሆናል። ለምን ቢሉ፣ ትብለጥ ከማን አንሼ ብላ የፊተኛውን ራሷ ስትገጥም ሽቦዎቹን አገላብጣ በይዳቸዋለች።

«ማግኔቶች፣ ታረቁልኝ!»

«ሽቦው ካልዞረ አንታረቅም።»

«ሽቦ፣ ዙርልኝ!»

«ብየዳው ካልለቀቀኝ አልዞርም።»

ብየዳውን ብትለምነው «መበየጃው ካላቀለጠኝ አልለቅም» አለ። ብየዳው አልለቅም፣ ሽቦው አልዞርም፣ ማግኔቶቹ አንታረቅም።

መበየጃውን አነሳች። «መብራት ካልመጣልኝ አልግልም» አላት። መበየጃው አልግልም፣ ብየዳው አልለቅም፣ ሽቦው አልዞርም፣ ማግኔቶቹ አንታረቅም።

መብራቱን ለመነች። «ጠዋት ድምፁ ይወፍርልኝ ብለሽ ማጉያውን እስከ ጥግ ስትከፍቺ የቤትሽን መስመር አቃጠልሽው። አሁን በጎረቤትሽ መስኮት ካልሆነ አልመጣም» አላት። መብራቱ አልመጣም፣ መበየጃው አልግልም፣ ብየዳው አልለቅም፣ ሽቦው አልዞርም፣ ማግኔቶቹ አንታረቅም።

ጎረቤቷን እትዬ የሺመቤትን ጠራች። «እትዬ፣ በሞቴ፣ መስኮቱን ክፈቺልኝና የመብራት ገመድ ላሳልፍ!»

«በምን እጄ? ጠዋት በዚያ ጩኸትሽ ሄራንን ቀስቅሰሽብኝ ይኸው እስካሁን ታለቅሳለች። ልጄ ካልተኛች አልከፍትም!»

ሄራን ገና ጥርስ ያላወጣች ሕፃን ናት፤ በእልህ ግን ሁሉንም ትበልጣለች። ሄራን አልተኛም፣ እናቷ አልከፍትም፣ መብራቱ አልመጣም፣ መበየጃው አልግልም፣ ብየዳው አልለቅም፣ ሽቦው አልዞርም፣ ማግኔቶቹ አንታረቅም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ትብለጥ ጊታሯን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። በሰርግ መድረክ መምታትን ከልጅነቷ ጀምሮ ነበር የተመኘችው።

ጣቷ ሳታስበው ክሩን ነካ። መብራት የሌለው የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁ የሹክሹክታ ያህል ነው፤ ለሰርግ አይሆንም። ከመስኮቱ ወዲያ ግን ልቅሶው ቆም አለ። ትብለጥ ተነሥታ መስኮቱ ሥር ሄደችና ቀስ እያለች በክሮቹ እሹሩሩ አለቻት።

ሄራን አዛጋች፤ ተኛች። ሄራን ብትተኛ እናቷ ከፈተች፣ እናቷ ብትከፍት መብራቱ መጣ፣ መብራቱ ቢመጣ መበየጃው ጋለ፣ መበየጃው ቢግል ብየዳው ለቀቀ፣ ብየዳው ቢለቅ ሽቦው ዞረ፣ ሽቦው ቢዞር ማግኔቶቹ ታረቁ!

አሥር ሰዓት ላይ አቶ ደርበው በር ላይ ቆመው ሰሙ። ወፍራሙም ቀጭኑም አንድ ላይ ነበሩ። «ቅዳሜ በጊዜ ነይ» አሏት፣ እየሳቁ።

ትብለጥ በደስታ ስትመታ ቆይታ ድንገት ደነገጠች። «እትዬ የሺ! ቀሰቀስኳት እንዴ?»

«ተኝታለች» አለች እትዬ የሺመቤት። «አንቺ ምቺ፣ መስኮቱን አልዘጋውም።»

ተረቴን መልሱ፤ ግን ቀስ ብላችሁ፣ ሄራን እንቅልፍ ላይ ናት።