የአባባ እጅጉ ድራፍትና ያልተነሳችው ዶሮ

ተረት ተረት፣ የአረፋ መሠረት!

መተሃራ ውስጥ፣ ፀሐዩ ጥላን ሳይቀር በላብ በሚያጠምቅበት ሰፈር፣ አባባ እጅጉ የሚባሉ የድሮ ባቡር ነጂ ነበሩ። ሲስቁ እንደ ባቡር ነው፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ማን ያቆመዋል? ውድነሽ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አርባውን ያለፈች፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ ደግ ግን ቁጡ።

ከዕለታት አንድ ቀን አባባ እጅጉ ከድራፍት ቤት ሲመለሱ ቦይ ውስጥ ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ፤ የውድነሽ ልብ ግን አልተረፈም። በሳምንቱ እዚያው ድራፍት ቤት ገባች፣ በጓደኞቻቸው ፊት ብርጭቆውን ከእጃቸው ቀማች፣ ከእንግዲህ ይህን ደጃፍ እንደማይረግጡም አወጀች። ከወደቁ በኋላ ያያቸው ሐኪም አንድ ብርጭቆ አይጎዳቸውም ብሎ ነበር። እሷ ግን ያን ቀን ከሐኪም አልፋ ዳኛ ሆነች።

አባባ እጅጉ ከወንበራቸው ተነሱ። ቤት ገቡ፣ ተኙ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ብሉ ሲባሉ ሁለት ጉርሻ፣ ጠጡ ሲባሉ ሁለት ጉንጭ ውሃ። ቀልድ የለ፣ ወሬ የለ። ቀን በቀን እየሳሱ፣ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ሄደ። ውድነሽ ሌሊት እንቅልፍ አጣች፤ ቀን ቀን በግድግዳው ቀናች።

አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ ምን ላድርግልዎ ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም ለግድግዳው መለሱለት፦

«ቀዝቃዛ ድራፍት። አረፋው ሁለት ጣት የሆነ። እስከዚያው አልዞርም።»

በጆግ ብታስመጣ አረፋው መንገድ ላይ ይሞታል፣ ቢራውም ሻይ ይሆናል። ስለዚህ ውድነሽ የድራፍት ማሽን ራሷ ልትሠራ ተነሳች። ጓዳው ጀርባ መጋዘን ውስጥ ተከራይ ትቶት የሄደ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ፍሪዘር ነበር። ዕቃ ዕቃውን መርጦ መግጠም ነው እንግዲህ፤ ምን ይከብዳል?

መጀመሪያ ወደ ድራፍት ቤቱ ባለቤት ወደ ጋሽ ገዛኸኝ ሄደች። ጋሽ ገዛኸኝ ጢሙን እያሻሸ አያት።

«ብርጭቆ ቀምተሽ ሄደሽ በርሜል ልትወስጂ መጣሽ?» አላት።

አንገቷን ደፋች። እሱም ሳቀና አንድ በርሜል በጋሪ ላከላት። በርሜሉ ግን ግቢው መሃል ቆሞ ሆዱን ነፋ። ጋዝ ከላይ ካልተጫነኝ ጠብ አልልም አለ።

በርሜሉ አልቀዳም አለ፤ በርሜሉ ካልቀዳ አባባ አይዞሩም።

ውድነሽ ሮጠች፣ ወጥ ቤት ገባች፣ የምድጃውን ጋዝ እየጎተተች ወጣች። አናጢው ጎረቤቷ አቶ ሙላት በአጥሩ ላይ አይቷት ጮኸ። ያንን ጠጥተው ሽማግሌው አንዴ ቢያገሱ ሰፈሩ በሙሉ ይነድዳል አላት። ጋዙን ወደ ወጥ ቤት መለሰችው። ከጋሽ ገዛኸኝ ዘንድ የቢራውን ጋዝ፣ ከግፊት መለኪያው ጋር አስመጣች። ጋዙ ግን ፉጨቱን ዋጥ አደረገ። መውጫ በሌለበት ብገፋ መፈንዳቴ ነው፣ ቧንቧ አምጪልኝ አለ።

ጋዙ አልገፋም አለ፤ ጋዙ ካልገፋ በርሜሉ አይቀዳም፤ በርሜሉ ካልቀዳ አባባ አይዞሩም።

ውድነሽ ሮጠች፣ ሐጂ ኑረዲን ሱቅ ገባች። ሐጂ ቧንቧ በየዓይነቱ ደረደሩላት፤ የፕላስቲኩ ቀሎባት ተወችው፣ የነሐሱ ዝገት ዝገት ሸተታት፣ የማይዝገውን ብረት መረጠች። ሐጂም ጠቅልለው ሲሰጧት፣ ለውሃ እንደሆነ እሳቸው እንደሚያውቁ፣ ሌላ ነገር ከነገረቻቸው ግን ጆሯቸው እንደማይሰማ ነገሯት። ቧንቧው ግቢ ሲደርስ አንገቱን አቀና። እኔ የምቆምበት ሳይኖረኝ የማንን ብርጭቆ ልሞላ ነው? የፍሪዘሩን ጎን ብሺልኝ አለ።

ውድነሽ መሰርሰሪያውን አነሳች። አቶ ሙላት አሁንም በአጥሩ ላይ ጮኸ።

«ተይ እንጂ እህቴ! ጎኑ ውስጥ የቅዝቃዜው ደም ሥር አለ። እሱን ከበሳሽው ፍሪዘር ሳይሆን ሣጥን ነው የሚቀርሽ። ጣውላ አምጪና በገላውና በክዳኑ መሃል ክፈፍ እንሥራለት፤ በርሜሉም ቁመቱ ይገባል፣ ቧንቧውም ጣውላው ላይ ይቆማል።»

ቧንቧው ያለ ጣውላ አልቆምም አለ፤ ቧንቧው ካልቆመ ጋዙ አይገፋም፤ ጋዙ ካልገፋ በርሜሉ አይቀዳም፤ በርሜሉ ካልቀዳ አባባ አይዞሩም።

ውድነሽ ሮጠች፣ አቶ ሙላት ግቢ ገባች። ባሕር ዛፉ ይጠማዘዛል፣ የጽዱ ሽታ ቢራው ውስጥ ይገባል፣ ዋንዛው ይሻላል ተባለ። ዋንዛው ተላገ፣ ተመታ፣ ያማረ ክፈፍ ሆነ። መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ ግን ተገተረ። ዋንዛ ነኝ፣ ባዶ ሜዳ ላይ አልቀመጥም፣ የተለቀቀ ፍሪዘር አሳዪኝ አለ።

ጣውላው አልቀመጥም አለ፤ ጣውላው ካልተቀመጠ ቧንቧው አይቆምም፤ ቧንቧው ካልቆመ ጋዙ አይገፋም፤ ጋዙ ካልገፋ በርሜሉ አይቀዳም፤ በርሜሉ ካልቀዳ አባባ አይዞሩም።

ውድነሽ ሮጠች፣ መጋዘን ገባች። ፍሪዘሩ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ አያት። እንግዳ አለብኝ፣ እንግዳ አስወጥቼ አላውቅም፣ አልለቀቅም አለ። ብታይ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ፣ አሮጌ ጆንያ ላይ፣ ገብስማዋ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ተቀምጣለች! አባባ እጅጉ ከጫጩትነቷ ጀምረው ያሳደጓት፣ «እሜቴ» ብለው የሚጠሯት ዶሮ ናት። ውድነሽ እጇን ብትሰድ እሜቴ ጠቅ አደረገቻት። በመጥረጊያ ብትሞክር መጥረጊያውን ጠቅ አደረገችው። አቶ ሙላት ልርዳ ብሎ ቢመጣ አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ። እሜቴም ላባዋን ነፍታ፣ ከጌታዬ እጅ በቀር የማንም እጅ አያነሳኝም አለች።

ዶሮዋ አልነሳም አለች፤ ዶሮዋ ካልተነሳች ፍሪዘሩ አይለቀቅም፤ ፍሪዘሩ ካልተለቀቀ ጣውላው አይቀመጥም፤ ጣውላው ካልተቀመጠ ቧንቧው አይቆምም፤ ቧንቧው ካልቆመ ጋዙ አይገፋም፤ ጋዙ ካልገፋ በርሜሉ አይቀዳም፤ በርሜሉ ካልቀዳ አባባ አይዞሩም።

አባባ ካልዞሩ ደግሞ ዶሮዋን ማን ያነሳታል?

ውድነሽ እዚያው መጋዘን ደፍ ላይ ዘጭ አለች። ሮጣ ሮጣ የመጣችው ወደ ተነሳችበት ነው። አሁን የሚኬድበት ሱቅ የለም፣ የሚመረጥ ዕቃ የለም። የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ እሱንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትሸሸው ኖራለች።

ተነሳች። ላባ ፀጉሯ ላይ፣ ሰጋቱራ ቀሚሷ ላይ፣ እጇ ተነክሶ፣ አባቷ ክፍል ገባች። ጀርባቸው አጠገብ ቆመች።

«አባባ» አለች፣ «ያን ቀን ብርጭቆውን ከእጅዎ መቀማት አልነበረብኝም። ጓደኞችዎ ፊት አዋረድኩዎት። ፈርቼ ነው። ግን ፍርሃቴ ለእርስዎ ምንዎ ነው? ይቅር ይበሉኝ።»

አባባ ከግድግዳው አልዞሩም።

«ድራፍቱንም ላመጣልዎ ነበር» አለች እንባዋን እየዋጠች፣ «ግን እሜቴ አልነሳም አለች፤ እሜቴ ካልተነሳች ፍሪዘሩ አይለቀቅም፤ ፍሪዘሩ ካልተለቀቀ ጣውላው አይቀመጥም፤ ጣውላው ካልተቀመጠ ቧንቧው አይቆምም፤ ቧንቧው ካልቆመ ጋዙ አይገፋም፤ ጋዙ ካልገፋ በርሜሉ አይቀዳም፤ በርሜሉ ካልቀዳ እርስዎ አይዞሩም፤ እርስዎ ካልዞሩ እሜቴ አትነሳም፤ እሜቴ ካልተነሳች...»

የብርድ ልብሱ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። ውድነሽ ደነገጠች፣ የሚያለቅሱ መሰላት። ከዚያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ከዚያ አልጋው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቹፍ፣ ቹፍ፣ ባቡሩ ተነሳ። አባባ እጅጉ እየሳቁ ዞሩ። ልጃቸውን ላባ በላባ ሆና ሲያዩዋት ደግሞ ባሰባቸው።

«ከድራፍት በፊት አልዞርም ብዬ ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «አስቀደምሽኝ። በይ ክንድሽን ስጪኝ። ቅርጫትና ጭድም አምጪ።»

በክንዷ ተደግፈው መጋዘን ደረሱ። በምላሳቸው ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉላት እሜቴ አንገቷን አወጣች። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ ሲያዛውሩ ዝም ብላ አየቻቸው፤ የመጨረሻው ሲገባ እንደ ሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለች።

ያኔ ዶሮዋ ተነሳች፤ ዶሮዋ ስትነሳ ፍሪዘሩ ተለቀቀ፤ ታጥቦ ሲሰካ እም... ብሎ መብረድ ጀመረ፤ ፍሪዘሩ ሲለቀቅ ጣውላው ተቀመጠ፤ ጣውላው ሲቀመጥ ቧንቧው ቆመ፤ ቧንቧው ሲቆም ጋዙ ገፋ፤ በርሜሉም አድሮ ቀዝቅዞ ቀዳ። አባባማ አስቀድመው ዞረዋል!

በማግስቱ ከሰዓት ጋሽ ገዛኸኝና የድራፍት ቤቱ ጓደኞቻቸው በየወንበራቸው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ብቻ ሆነ፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው ሁለት ጣት፤ ብርጭቆው በላብ ራሰ። ውድነሽ በሁለት እጇ ይዛ ለአባቷ አቀረበች። እሳቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ውድነሽ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አሉ፣ ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ እያዩ። «በእኛ ቤት ቀጂው ሳይቀምስ ለሰው ይሰጣል እንዴ?»

ውድነሽ በዕድሜዋ ቢራ ቀምሳ አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና አንድ ጉንጭ ተጎነጨች። መረራት፣ ፊቷን ጨማደደች፣ ከአፍንጫዋ ሥር ነጭ ጢም አበቀለች።

አባባ እጅጉ ያንን ጢም በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበሉ።

ተረቱ አለቀ፤ ብርጭቆው ይሞላ፣ አረፋው ለሰሚው!