ወደ መቶ የተጠጋጉት አህዮች

አንድ ጊዜ ረጅም ቁጥር ሲሰማ ራሱን የሚያመው አንበሳ በዱር ነግሦ ነበር። አህዮች ውሃ ይቀዱለታል፤ እሱም በምላሹ ይጠብቃቸዋል። «ቁጥራቸውን ያጎደለ ቆዳው ከበሮ ይሆናል!» ብሎ አውጆ ነበር።

ቆጣሪዋ ቀበሮ ነበረች። አህዮቹ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ናቸው። አንበሳው ግን «አርባ ዘጠኙን ተይልኝ፤ ወደ መቶ አጠጋጊው» ስላላት፣ በየማለዳው «አንድ ሺህ ሁለት መቶ» ትለዋለች። እንዴት ያለ የጸዳ ቁጥር!

ቀበሮ ጅብን ለብቻው ጠራችው።

«አያ ጅቦ፣ ወደ መቶ ሲጠጋጋ የሚታየው የአስር ቤት ነው። አምስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ላይ፣ ካነሰ ወደ ታች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ እስኪቀሩ ብትበላ፣ ጌታችን ዘንድ አሁንም አንድ ሺህ ሁለት መቶ ናቸው።»

«ይህ ሁሉ ለኔ ምን ይሆነኛል፣ እመቴ?»

«ዘጠና ዘጠኝ አህያ።»

«እንዲህ በይኝ እንጂ! ሂሳብ እኮ ነፍሴ ነው።»

«ከሁለት አህያ የአንዱ ጉበት የኔ ነው። በቃ ስልህ ግን በቃ!»

ጅብ በየምሽቱ አንድ አንድ መውሰድ ጀመረ። አንድ አህያ እያለቀሰ ችሎት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ወንድሜን ጅብ በላብኝ!»

አንበሳው ወደ ቀበሮ ዞረ። «ስንት ናቸው?»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ እንደ ወትሮው።»

«ሰማህ? አንድም አልጎደለም። ወንድምህ እዚያው ይኖራል፤ ደህና አድርገህ ፈልገው።»

ዘጠና ዘጠኙ አለቁ። ቀበሮ «በቃ!» አለች። ጅብ ግን «አንድ አህያ ምን ያጎድላል?» ብሎ ሌላ ደገመ። በማለዳው ቀበሮ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዘጠኝ ቆጥራ ደነገጠች፤ ለራሷ ቆዳ ፈርታ ሲጠጋጋ የወጣውን ተናገረች።

«አንድ ሺህ አንድ መቶ።»

«መቶ አህያ በአንድ ምሽት!» ብሎ አንበሳው አገሳ።

«አንድ ነው ጌታዬ! ሆዴ መቶ ይይዛል?» አለ ከችሎቱ ዳር የቆመው ጅብ።

«ያንተ ሆድ? ይይዛል።»

ጅብ ሁሉንም ዘረገፈው። «ዘጠና ዘጠኙን ቀደም ብዬ ነው የበላኋቸው! የጉበቱን ነገር ቀበሮን ይጠይቋት!»

«አርባ ዘጠኝ ጉበት ብቻ ነው ጌታዬ» አለች ቀበሮ። «ወደ መቶ ሲጠጋጋ ምንም ነው።»

አንበሳው «እውነትም» ሊል ሲል፣ ወንድሙን ያጣው አህያ ወደ ፊት ወጣ።

«ጌታዬ፣ ቀበሮዋስ ስንት ናት? አንድ። ወደ መቶ ብትጠጋጋ እሷም ምንም ናት። ምንም ብትጎድል ማን ያለቅሳል?»

አንበሳው ይህን ሂሳብ ወደደው። ከዚያ ወዲህ በዱሩ ሁለት ከበሮ ይመታል፤ አንዱ ትንሽ ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁጥርን አጠጋግቶ መናገር ለወሬ ቢቀልም፣ ነፍስ ያለውን ለመጠበቅ ግን አንድ በአንድ መቁጠር እንደሚያስፈልግ ነው።