የፊታውራሪው ሥልጣን በሰንበት

በአንድ አገር ምላሷ የማይታሰር ባልቴት ነበረች። አንድ ሰንበት ገዥው ፊታውራሪ ይርዳው ገበሬውን ሰብስበው፣ «ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ተብሎ ተጽፏል። እኔን እምቢ ያለ እሱን እምቢ አለ። በሉ በሬዎቻችሁን ጥመዱና እርሻዬን እረሱ» አሉ።

አሽከሮቻቸው ጅራፍ ይዘው ቆመዋል። ቄሱ እንኳ ፈርተው አቀረቀሩ። ባልቴቷን ግን ምላሷ አላስችል አላትና ወጥታ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ሥልጣንዎ ከእግዚአብሔር መሆኑን ማን ይክዳል?»

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉ ፊታውራሪው ደስ ብሏቸው።

«እኔስ የፈራሁት ለስምዎ ነው። እግዚአብሔር ሥራ በተወበት ቀን ሥራ ካዘዙን፣ ክፉ ሰው ‹ሥልጣኑን የሰጣቸው ያኛው የሲኦሉ ጌታ ይሆን እንዴ?› ብሎ እንዳያማዎት።»

አሽከሮቹ ሳቁ፤ ቄሱም ሳቁ። ፊታውራሪውም ሳቃቸውን መዋጥ ቢያቅታቸው፣ «ሂዱ፣ ግቡ» አሉ።